ዳማ ከጅሬን እስከ አሰንዳቦ

ፕሮግራመር የሚባል ፍጡር፣ የሚከለክለው ከሌለ፣ ዕድሜውን የሚፈጀው ሥራውን በመሥራት ሳይሆን በምን እንደሚሠራው በመምረጥ ነው። ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ እኔና ጓደኛዬ ኑረዲን ጅማ ላይ አድርገነዋል።

የኑረዲን አባት አባ ተማምና ጎረቤታቸው ጋሽ ተስፋዬ እዚያው ጅማ፣ ጅሬን ሰፈር ዳማ ሲጫወቱ ነው ያረጁት። ጋሽ ተስፋዬ ጡረታ ወጥተው አሰንዳቦ ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ፣ አባ ተማም ቆርኪዎቹን በፌስታል ቋጥረው ሰቀሉ። ምግብ ቀነሱ፣ ወሬም ቀነሱ። ኑረዲን ፈራ፤ እኔም እወዳቸዋለሁና ፈራሁ። ስለዚህ ሁለቱ በየስልካቸው የሚጫወቱት ዳማ ልንሠራ ቆረጥን።

ሁለት ስልክ፣ አንድ ሰሌዳ፣ በተራ መግፋት። ከዚህ የቀለለ ጌም አለ? ግን ስልኮቹን የሚያገናኘው ፍሬምወርክ፣ ጌሙ የሚገነባበት ዝግጁ የኮድ መሠረት፣ የቱ ይሁን? ኑረዲን ስልክን ከስልክ በቀጥታ የሚያገናኘውን አለ። እኔ በሰርቨር፣ መሃል ላይ በሚቀመጥ ኮምፒውተር፣ በኩል ሺህ ተጫዋች የሚያስተናግደውን አልኩ። ሺህ ሰው ከየት ሊመጣ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ጌማችን ሲታወቅስ ብዬ መለስኩ። ተኮራርፈን ሁሉ ነበር። በመጨረሻ የእኔ ተመረጠ፤ ፈጣን ነው፣ መስመሩ የተቋረጠበትን ተጫዋች ወዲያው አስወጥቶ ጨዋታውን ይዘጋል። ለሺህ ሰው ግሩም ሕግ ነው!

አባ ተማም ሰሌዳውን ስልካቸው ላይ ሲያዩ ፊታቸው በራ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ለጋሽ ተስፋዬ ደወሉ! የዚያን ጊዜው ኔትወርክ ደግሞ ስልክ ሲደወል ኢንተርኔቱን ያቋርጣል፤ ጨዋታው ተዘጋ። እንደገና ከፈትንላቸው፣ እንደገና ደወሉ። እባክዎ አባ፣ አይደውሉ ብዬ ብለምናቸው፣ ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አካም ጂርታ፣ እንዴት ነህ ሳልለው ቆርኪውን ልብላበት? ወላሂ ነውር ነው አሉኝ።

እኛ ሌላ ፍሬምወርክ ስንመርጥ ሰነበትን፤ መቼም መምረጥ አይሰለቸንም። አንድ ቀን ቤታቸው ስሄድ አባ ተማም ስልኩን በጆሯቸውና በትከሻቸው መሃል ይዘው፣ የእንጨት ሰሌዳቸው ላይ የራሳቸውንም የጋሽ ተስፋዬንም ቆርኪ ይገፋሉ። አሰንዳቦም እንዲሁ ሌላ ሰሌዳ ተዘርግቷል። የት ገፋህ ይባላል፣ ጉልበትህን ተሻለህ ወይ ይባላል፣ ይሳቃል። የምሳቸው ሳህን ባዶ ነበር። ደስ አለኝ፤ ትንሽ ቀናሁም።

ሲጨርሱ ማን አሸነፈ ብዬ ጠየቅኋቸው። እኔ ነኛ፣ ከጀመርን አንድም ቀን አልተሸነፍኩም አሉ በኩራት። ለጋሽ ተስፋዬ ሰላምታ ልበል ብዬ ደወልኩና ይህንኑ ጠየቅሁ። እሳቸውም ከጀመሩ አንድም ቀን አልተሸነፉም።