ባል ያጣችው አሥራ ሰባት ቁጥር

ትናንት በሕልሜ መሥሪያ ቤታችን ተገልብጦ አየሁት። ኮምፒውተሮቹ ወንበር ላይ ተደላድለው እኛን ያጠፉናል፣ መልሰው ያበሩናል። ለወትሮው "ቶሎ በሉ" ከአፋቸው የማይጠፋው አለቃችን ወይዘሮ ሰናይት ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብለው፣ ከደንበኛው ጋር ያለብን የፕሮግራም ርክክብ እንዲዘገይላቸው ይለምኑናል። ደስ ብሎኝ ደረጃውን ወደ ታች ብወርድ ጣሪያው ላይ ወጣሁ።

እዚያ ዳስ ተጥሏል። ለሆስፒታል ቀጠሮ ማስያዣ ፕሮግራማችን ደንበኛው የጠየቃቸው ሃያ መስፈርቶች፣ ቁጥራቸውን ግንባራቸው ላይ አስረው፣ ነጭ ለብሰው ተደርድረዋል። ሊያገቧቸው የመጡት ደግሞ እኔ የጻፍኳቸው ፈተናዎች ናቸው፤ እያንዳንዷ መስፈርት በትክክል መሠራቷን የሚያረጋግጡት። በዚያ አገር ሽማግሌ የምትልከው ሴቷ ነች። ሽማግሌዎቹም ጋቢ የደረቡ ሦስት ኤሊዎች ነበሩ።

ዘር ካልተቆጠረ ጋብቻ የለም ብለው ወንዱን ሁሉ እስከ ሰባት ቤት አስቆጠሩት። ፈተናው ለየትኛዋ መስፈርት ብሎ እንደተጻፈ ተናግሮ ሲጨርስ እልልታው ይቀልጣል። እኔም እስክስታ ወረድኩ። ልጆችን ሁሉ በአንድ ቀን መዳር ቀላል ነው እንዴ?

አሥራ ሰባት ቁጥር ጋ ሲደርሱ ከበሮው ቆመ። እሷ "ታካሚ ቀጠሮውን መሰረዝ ይችላል" የምትለዋ ነች። አጠገቧ የቆመው ግን የይለፍ ቃል የሚመረምረው ፈተና ነው፤ ቅድም አራት ቁጥርን ያገባው።

"የማን ነህ?" አሉት ትልቁ ኤሊ።

"የአራት ቁጥር ባል ነኝ፤ ይቺን አላውቃትም። የትኛው ፈተና የየትኛዋ መስፈርት እንደሆነ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ባዶ እንዳይታይበት ብሎ ቁጥሯን የለጠፈብኝ ሰው አለ።"

አሥራ ሰባት አላለቀሰችም። ጠጋ ብላ፣ እሷ ሳትፈተን ብትቀር የሚንገላታው የታመመ ሰው መሆኑን በጆሮዬ ነገረችኝ። አንጀቴን በላችው። እድምተኛው መሀል ብድግ አልኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ቁጥር ፈተና የላትም። ዛሬውኑ እጽፍላታለሁ" አልኩ። ዳሱ በእልልታ ተናጋ፤ እኔም እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።

ዓይኔን ስገልጥ የስብሰባው ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁ። ደንበኛው የርክክቡን ሰነድ ሊፈርም ጎንበስ እንዳለ እስክሪብቶው አየር ላይ ቀርቷል። ወይዘሮ ሰናይት መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "እኔ የጠየቅኩህ ምሳ የጾም ይምጣልህ ወይስ የፍስክ ብዬ ነው።"