ጣሪያው ገና በጭምጭምታ ደረጃ ላይ ነው

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ከነነጥቡ እውነት ነው። አንድ ቃል ጨምሬ ብገኝ የጻፍኩበት እጄ ይድረቅ፤ የቀነስኩት ካለ ግን ለአንባቢው ጤና በማሰብ ነው።

ፀሐይ ከሚወጣባቸው አገሮች ሁሉ ነገን በማክበር አቻ ያልተገኘለት አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ሌላው ዓለም ስለሚመጣው ነገር አፉ እንዳመጣለት ሲቀባጥር፣ እዚያ ግን ሁሉም በደረጃው የሚናገርበት መመሪያ ወጥቶ ነበር። ለተራ ሠራተኛ የተፈቀደው ጭምጭምታ ብቻ ነው። ፍንጭ የቡድን መሪ ነው። ምልክት የሚባለው ኮሚቴ ተቀምጦበት ሲሆን፣ አመላካች ሁኔታ ደግሞ ኮሚቴው በዐይኑ አይቶ ሲያረጋግጥ ነው። ቅድመ ማስጠንቀቂያ የክቡር ሓላፊው የግል ቃል ነበረች፤ እሷ ከአፋቸው ካልወጣች ወንበር ከቦታው አይነሣም፣ ሚስማር አይመታም።

የመዝገብ ቤቷ እትዬ መመሪያውን ፈርመው ተቀብለዋል፤ አላነበቡትም እንጂ። ሃያ ስድስት ዓመት ከፋይል ጋር የኖሩ ሴት ናቸው። የከተማው ሰው የልደት፣ የጋብቻና የቤት ወረቀት በሙሉ በእሳቸው ፊርማ ሥር ነው፤ አንዲት ቅጠል ብትጠፋ ወይ ብትርስ ከሥራ የሚባረሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት ቀና ሲሉ፣ ከመደርደሪያው በላይ ኮርኒሱ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የምታክል እርጥብ እድፍ አዩ። ከዚያ በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ የውሃ ታንከር አለ። አንዲት ጠብታ አፍንጫቸው ላይ ጠብ አለች። ወዲያው ብዕር አንሥተው «ኮርኒሱ ሊወርድ ስለሆነ ፋይሎቹን ወደ ኮሪደር ላውጣ» ብለው ለሓላፊው ጻፉ።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተጠሩ።

«እትዬ፣ ሊወርድ ነው ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» አሉ ሓላፊው።

«ሊወርድ ነው ማለቴ ነው፣ ጌታዬ።»

«ማን ፈቅዶለት?»

እትዬ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«በእርስዎ ደረጃ የሚታየው ጭምጭምታ ነው።»

«ጭምጭምታው እኮ አፍንጫዬ ላይ እየተንጠባጠበ ነው።»

«እየተንጠባጠበ ያለው የአሁን ጉዳይ ነው። የአሁን ጉዳይ እኛን አይመለከትም። ቅጽ ሦስትን ይሙሉ፤ ፋይል ግን እንዳይነኩ።»

ሞሉ። ጭምጭምታው በዘጠነኛው ቀን ወደ ፍንጭ አደገ፤ ለዕድገቱም ደብዳቤ ተጻፈለት። ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሞ ቃለ ጉባኤ መያዝ ጀመረ። በቃለ ጉባኤው መሠረት እድፉ በሁለተኛው ሳምንት ትሪ አከለ፣ በሦስተኛው ጃንጥላ፣ በአራተኛው ዝሆን ቢተኛበት የሚተርፍ ሆነ። ቃለ ጉባኤ ደግሞ ማኅተም ያለበት ነገር ስለሆነ አይዋሽም። እትዬ በየማለዳው ቀና ሲሉ ያቺው የስኒ ማስቀመጫ ትመስላቸው ነበር፤ ዐይናቸው ደክሞ መሆን አለበት። ጠብታውም የቆመ መሰላቸውና ለኮሚቴው ጸሐፊ ሹክ አሉት።

«መቆሙ ነው የሚያስፈራው» አለ ጸሐፊው። «‹ውሃው ስልቱን ቀይሯል› ተብሎ ተመዝግቧል።»

«ይቀይር እሱ። ፋይሎቼን ላውጣ ወይ?»

«ገና ምልክት እንኳ አልሆነም እኮ፣ እትዬ። ምን አስቸኮለዎት?»

ኮሚቴውም ሥራ አልፈታም። «ምልክት ብንል ሕዝብ ይደነግጣል» አሉ ምክትል ሓላፊው፤ «ለጊዜው ከፍ ያለ ፍንጭ ይባል።» በዚህች ብቻ አሥራ አንድ ቀን ተከራከሩ። በአርባኛው ቀን በአራት ድምፅ ለሦስት ምልክትነቱ ጸደቀ። ለአመላካች ሁኔታ ግን በዐይን ማየት ግድ ነውና፣ ሰባቱም ሜትር ይዘው፣ ክቡር ሓላፊው ከነካፖርታቸው ከፊት ቀድመው፣ በመሰላል ጣሪያው ላይ ወጡ።

እትዬ ከታች ሆነው የስምንት ሰው ኮቴ ሰሙ። ቆርቆሮው ሲጥ ሲጥ ይላል።

«ኧረ ቀስ በሉ» ብለው በመስኮት ተጣሩ።

«በቅጽ ያቅርቡ» የሚል ድምፅ ከላይ መጣላቸው።

ክቡር ሓላፊው ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ይህ አመላካች…» ከማለታቸው፣ ሁኔታው ንግግራቸውን ሳያስጨርሳቸው ቀደማቸው። ስምንቱም ከነቆርቆሮው፣ ከነኮርኒሱ፣ ከነታንከሩ መደርደሪያው ላይ ወረዱ። ወረቀት ደግ ነው፤ ከሓላፊው ክንድ ወለምታ በቀር የተጎዳ ሰው አልነበረም። ፋይሎቹ ግን ታንከሩን ሙሉ ጠጡት።

በሦስተኛው ቀን ሠራተኛው ሁሉ ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። የከተማው ሰው ልደትና ጋብቻ ሣሩ ላይ ተሰጥቶ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር ተጭኖበታል። እትዬ ጎንበስ ብለው ቅጠል በቅጠል ይገለብጡ ነበር። ሓላፊው ክንዳቸውን በጨርቅ አንጠልጥለው አነበቡ፦

«መሥሪያ ቤታችን አደጋውን ከአርባ ቀን በፊት ቀድሞ በመረዳቱ ምስጋና ይገባዋል። ጥፋቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ነው። ነገሩን ግልጽ በሆነ ቃል በወቅቱ ባለማሳወቃቸው ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ እንዲሰናበቱ…» ቀና አሉና ለወጉ ያህል «ምስክር አለ?» ብለው ጠየቁ።

አዛውንቱ ዘበኛ ከበሩ ዘንድ መጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ውሃውማ ያን ሰኞ ከምሳ በፊት ቆሟል፣ ጌታዬ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የቧንቧው ብሎን ላልቶ ነበር፤ ወጥቼ አጠበቅኩት። እድፏም ከዚያ ወዲህ ስንዝር አልጨመረችም። ጣሪያውን ያወረዳችሁት ስምንታችሁ ናችሁ።»

የእትዬ እጅ የያዘውን ቅጠል ሳይገለብጥ ቀረ። ጸሐፊውም ብዕሩን አነሣ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን አላሳወቁም?» አሉ ሓላፊው።

ዘበኛው ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ።

«መመሪያውን አስነብቤ ሰማሁት፣ ጌታዬ። ለዘበኛ የተፈቀደ ቃል የለበትም። ፒንሳ ግን ነበረኝ።»