ክብርት የትምህርት ቤቶች ዋና መርማሪ

ከግብር ሰብሳቢ የበለጠ የሚያስፈራ ሰው ካለ ለልጇ ትምህርት ቤት የምትመርጥ እናት ናት። በአሜሪካዋ ዱሉት ከተማ ውስጥ ደግሞ የእነዚህ ሁሉ አለቃ ብሪታ ናት። ባሏ ሮልፍ በልቡ «ክብርት ዋና መርማሪ» ይላታል፤ በአፉ ለማለት ግን ድፍረቱ የለውም።

ክብርትነታቸው ከጥር ወዲህ ዘጠኝ ትምህርት ቤት መርምረዋል። የመጸዳጃ ቤት በር ከፍተው ዘግተዋል፤ የምሳውን ድንች ቀምሰዋል፤ አንዱ ክፍል ውስጥ የሞተ ዓሣ አግኝተው ማብራሪያ ጠይቀዋል። ሁልጊዜ «አንዲት ጥያቄ ብቻ» ብለው ይጀምራሉ። አሥራ አራተኛዋ ላይ ሮልፍ እጅጌያቸውን ይጎትታል። ከዚያ ደብተራቸው ላይ የሆነ ነገር ይጫጭራሉ፤ ለማንም አያሳዩም።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። የስድስት ዓመቷ ልጃቸው ሊኔያ ከመስከረም እስከ ኅዳር ምሳዋን ብቻዋን ስትበላ ከርማ ለማንም አልተናገረችም። ወላጆቿ የሰሙት ከትምህርት ቤቷ የጽዳት ሠራተኛ ነው። አሁንም በየጠዋቱ «ሆዴን አመመኝ» እያለች ነው የምትሄደው።

አሥረኛው ሐይቁ ዳር ያለው፣ ልጆች የሚሠሩትን ራሳቸው የሚመርጡበት የሞንቴሶሪ ቻርተር ትምህርት ቤት ነበር። የሕዝብ ነው፣ ክፍያ የለውም፣ ልጅ የሚገባው በዕጣ ብቻ ነው። ብሪታ ይህን እያወቀች ለርእሰ መምህርቷ ለወይዘሮ ኦከርሉንድ የብሉቤሪ ኬክ ጋግራ ሄደች።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕጣው ግን ኬክ አይበላም» አሉ ወይዘሮዋ። «ክፍሉን ማየት ይችላሉ። እዚህች ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ግማሽ ሰዓት ዝም።»

«ዝም?» አለ ሮልፍ፤ ሳቁ አመለጠው።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለችው ሚስቱ።

ወንበሯ የአራት ዓመት ልጅ ወንበር ናት። ክብርትነታቸው ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደርሶ ተቀመጡ። አንድ ልጅ ከጆግ ውኃ ሲቀዳ ጠረጴዛውን አራሰው። ብሪታ ብድግ ስትል የክፍሉ መምህርት በዓይኗ መለሰቻት። ልጁ ስፖንጅ አምጥቶ ቀስ ብሎ ወለወለና እንደገና መቅዳት ጀመረ። ሮልፍ ዓይኑን ከውኃው አልነቀለም። ግማሽ ሰዓቱ አልቆ ብሪታ አንዲት ጥያቄ ሳትጠይቅ ስትወጣ አሟት ይሆን ብሎ ፈራ።

የዕጣው ቀን ለሃያ አራት ቦታ መቶ ስልሳ ስም ቀረበ። ብሪታ አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ አቅቷት ኮሪደሩን ልትመላለስ ስትወጣ ደብተሯን ወንበሩ ላይ ተወችው። ሮልፍ ከፈተው። የፈተና ውጤት፣ የመምህራን ብዛት ጠብቆ ነበር፤ አንዱም የለም። በየገጹ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ብቻውን የተቀመጠ ልጅ አለ? ማን አጠገቡ ሄደ?»

የመጀመሪያዎቹ ስምንት ትምህርት ቤቶች ላይ «ማንም አልሄደም» ይላል። ዘጠነኛው ላይ «አስተማሪው፤ ዘግይቶ»። አሥረኛው ላይ፦ «መስኮቱ ሥር አንዲት ልጅ ነበረች። ሌላዋ የምትሠራበትን ምንጣፍ እየጎተተች መጣች። ማንም አላዘዛትም።» ሮልፍ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ይህን ግን አላየም። እጅጌዋን የጎተተበት ቀን ሁሉ ትዝ ብሎት አፈረ።

ሃያ አራቱ ስም ተጠርቶ አለቀ፤ ሊኔያ የለችበትም። ሮልፍ ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ ብሪታ የልጆች ካፖርት የተሰቀለበት ሥር፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ሠላሳ አንደኛ ተጠባባቂ ነን» አላት።

«ሰምቻለሁ።»

አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «አሥራ አንደኛውን ትምህርት ቤት መቼ ነው የምናየው?» አለ።

«ነገ ጠዋት። አንተ ግን ሥራ አለህ።»

«ሥራው ይቆያል። አንቺ ጠያይቂያቸው፤ ልጆቹን እኔ አያለሁ።»