ቪዛ ሊያልቅ ሲል የሚይዝ ፍቅር

ፍቅር መቼ እንደሚይዝ ታውቃላችሁ? የተማሪ ቪዛ ሊያልቅ ሲል!

ሮም የሚማረው የሐይቅ ዳር ጎረቤቴ የአቶ ዳንጊሶ ልጅ፣ መመለሻው ሲደርስ አንዲት ጣሊያናዊት ወደደ፤ አገባትም። ጣሊያን ሊያኖረው የሚችለው የአገሬው ሚስት ካለችው ብቻ ነዋ!

አቶ ዳንጊሶ ሙሽሮቹ በሌሉበት ድንኳን ጥለው ደገሱ። በሙሽራዋ ወንበር ላይ ፎቶግራፏ ተቀመጠ። የልጁ እናት አዩትና፣ «አማቱንስ አየናት፤ ሙሽራይቱ የታለች?» አሉ።

መራቂው ሽማግሌ «ውለዱ፣ ክበዱ» ሊሉ ተነሥተው የሙሽራዋን ሽበት ሲያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የመኖሪያ ወረቀቱ እስኪወጣለት ፈጣሪ ያሰንብታት!»

«አሜን!» አልን።

ከሁላችን በላይ የጮኸው ማን መሰላችሁ? በየስብሰባው «እግዜር የለም» የሚለን የቀበሌያችን ሊቀመንበር! ለካ የሱም ልጅ ሮም ተማሪ ኖሯል።