የመምህር ሲራክ ከርከሮ

[ከፍስሐ ገነት ወጣ ብላ ያለች መንደር። ዓርብ ጠዋት። የመንደሩ ሽማግሌዎች ለዳኝነት በሚቀመጡበት በሶንጎው ዛፍ ሥር ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ዲላ ከተማ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሮ ጡረታ የወጣው መምህር ሲራክ ነው፤ ረጅም ጦር ይዟል። ሌላው የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ገበሬው እንድርያስ ነው፤ ምንም አልያዘም።]

ሲራክ፦ ጠብታ አይባልም አልኩህ! ዱካ ነው የሚባለው።

እንድርያስ፦ ዱካማ የእግር ነው ጋሼ። ይሄ ደም ነው።

ሲራክ፦ የደም ዱካ!

እንድርያስ፦ ደም እግር አለው?

ሲራክ፦ [ጦሩን መሬት ላይ እየተከለ] ስማኝ እንድርያስ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አንተ «ጠብታ» ካልክ ነገሩ ትንሽ ይመስላቸዋል። «ዱካ» ካልን ግን ምርመራ ይሆናል። ገባህ?

እንድርያስ፦ ገብቶኛል። ጠብታው ዱካ ነው።

ሲራክ፦ ይኸው ነው።

እንድርያስ፦ ጋሼ፣ ግን ብንተወውስ?

ሲራክ፦ ምኑን?

እንድርያስ፦ ዱካውንም ጠብታውንም። ሽማግሌዎቹ እኮ ቡና ለቀማ ላይ ናቸው። ከሥራ ከምናስፈታቸው ቤት እንግባና ቆጮአችንን እንብላ።

ሲራክ፦ ከርከሮዬን ተሰርቄ ቆጮ ልብላ?

እንድርያስ፦ በጎመን ነው።

ሲራክ፦ በማርም ቢሆን! ይልቅ ትናንት የሆነውን አንድ በአንድ ልንገርህ።

እንድርያስ፦ እኔም ነበርኩ እኮ።

ሲራክ፦ ነበርክ። ግን አልተረዳኸውም። ቀበሌው «እንሰታችሁን የሚያጠፋውን ከርከሮ አባሩ» ብሎ ፈቀደ። እኔም ለእረፍት እናንተ ዘንድ መጥቼ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም አልኩና የአባታችሁን ጦር ከግድግዳ አወረድኩ። ረፋዱ ላይ ጉም ወርዷል። እንሰቱ መሀል አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጀርባው ይኼን ያክላል! ርቀቱ ሠላሳ እርምጃ...

እንድርያስ፦ አሥራ ሁለት።

ሲራክ፦ ሠላሳ! ወረወርኩ። አንድ ውርወራ! ዘጭ አለ።

እንድርያስ፦ እኔም እስካሁን ይገርመኛል።

ሲራክ፦ ምኑ ነው የሚገርምህ?

እንድርያስ፦ መምታትዎ።

ሲራክ፦ ተፈጥሮን ያጠና ሰው አይስትም።

እንድርያስ፦ ታዲያ እንደወደቀ ለምን ቀርበው አላዩትም?

ሲራክ፦ ይኸውልህ፣ እዚህ ላይ ነው የአደን ሥነ ምግባር የሚመጣው። የቆሰለ ከርከሮ ጋ ወዲያው አይቀረብም። ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። የእንስሳውም ነፍስ በሰላም ትወጣለች፣ አዳኙም በሰላም ቤቱ ይገባል።

እንድርያስ፦ እርስዎ ግን መጀመሪያ ነው ቤት የገቡት።

ሲራክ፦ ሰው ልጠራ ነዋ! የሚሸከም አያስፈልግም? አንተን ጠባቂ አድርጌ ነው የሄድኩት። ከአራት ሰው ጋር ስመለስስ? ከርከሮ የለም፣ ጠባቂ የለም። ደም ብቻ! የት ነበርክ?

እንድርያስ፦ ስጠብቅ... [ያመነታል] ሽንቴ መጣ።

ሲራክ፦ አንድ ሰዓት ሙሉ?

እንድርያስ፦ ጠዋት ብዙ ውሃ ጠጥቼ ነበር።

ሲራክ፦ የሌባውን ድፍረት ግን አየህልኝ? ጦሬን ከእንስሳው ነቅሎ፣ በቅጠል ጠርጎ፣ እንሰት ላይ አስደግፎልኝ ሄደ!

እንድርያስ፦ ጨዋ ሌባ ነው።

ሲራክ፦ ሌባ ጨዋ የለውም! የሌላ ሰው ግዳይ እንዴት ይነካል? የአደን ሕግ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ያደማ እሱ ባለቤት ነው።

እንድርያስ፦ እንስሳው የማንም ይሁን?

ሲራክ፦ የዱር እንስሳ የማን ሊሆን ይችላል? ያደማው ሰው ነው!

እንድርያስ፦ የዱር ባይሆንስ?

ሲራክ፦ ከርከሮ የዱር ካልሆነ የትኛው ከተማ ነው የሚኖረው? በባጃጅ ሲሄድ አይተኸዋል?

እንድርያስ፦ አላየሁም። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅ ጋሼ?

ሲራክ፦ ጠይቅ። ሳይጠይቁ መማር የለም።

እንድርያስ፦ በእኛ አገር ከርከሮ የሚበላ ሰው አለ?

ሲራክ፦ የለም።

እንድርያስ፦ ታዲያ ማን ይሰርቀዋል?

ሲራክ፦ [በድል አድራጊነት] ለክራንቻው! የከርከሮ ክራንቻ ሳሎን ውስጥ ሲሰቀል ምን እንደሚመስል ታውቃለህ? እህትህ ትናንት በስልክ ነግሬያት ሁለት ሚስማር መትታ እየጠበቀችኝ ነው።

እንድርያስ፦ [ራሱን ይዞ] ሚስማሩን መታችው?

ሲራክ፦ መታችው! ጎረቤትም ጠርታ አሳይታለች።

እንድርያስ፦ ሚስማር ይነቀላል ጋሼ። ሰው ፊት የወጣ ቃል ግን አይነቀልም። እባክዎ ይተዉት።

ሲራክ፦ ሌባውን ካወቅሁት በኋላ ልተው?

እንድርያስ፦ [ይደነግጣል] ማን ነው?

ሲራክ፦ ዱካውን አንድ በአንድ ተከተልኩት። ከእንሰቱ ወጣ፣ በቡናው መሀል አለፈ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ ከዚያ አንድ በር ላይ ቆመ። የአትጠገብ በር!

እንድርያስ፦ [ከመቀመጫው ብድግ ይላል] የእማማ አትጠገብ?

ሲራክ፦ የራሳቸው።

እንድርያስ፦ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት እኮ ናቸው!

ሲራክ፦ ዱካ ባል የሞተባት፣ ያልሞተባት ብሎ አይለይም።

እንድርያስ፦ በሶንጎ ፊት ሌባ ሊሏቸው ነው? አንድ ቀን ሌባ ከተባሉ ነገ ቤተ ክርስቲያን አጠገባቸው ማን ይቀመጣል? ሲያማቸው ውሃ ማን ይቀዳላቸዋል? እርስዎ እኮ ሰኞ ዲላ ይገባሉ። እሳቸው ናቸው እዚህ የሚቀሩት።

ሲራክ፦ እኔ ሰው አልጠላም፤ ማስረጃ ነው የምከተለው። ትናንት ከሰዓት ከቤታቸው ጭስ ሲወጣ አይቻለሁ።

እንድርያስ፦ ምሳ እየሠሩ ነዋ።

ሲራክ፦ ተራ ጭስ አይደለም፤ የሥጋ ነው! እሱም ይቅር። ማታ ለእናንተ ቤት በጎድጓዳ ሳህን ሥጋ ላኩ። ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ በዓል በሌለበት፣ ሥጋ ከየት አመጣች?

እንድርያስ፦ ጋሼ፣ ያንን ሥጋ ማን በላው?

ሲራክ፦ እኔ ነኛ። አንተማ «አልራበኝም» ብለህ ተነሳህ።

እንድርያስ፦ ስንቴ አስጨመሩ?

ሲራክ፦ ሁለቴ። ለምን ትጠይቃ... [ቀስ ብሎ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል] እንድርያስ።

እንድርያስ፦ አቤት።

ሲራክ፦ ከርከሮ አበሉኝ?

እንድርያስ፦ ኧረ አይደለም!

ሲራክ፦ ከርከሮ አበሉኝ! ስልሳ አንድ ዓመት በንጽህና የኖረ አፍ! ሳህኑንም እኮ በቆጮ ጠርጌዋለሁ!

እንድርያስ፦ ጋሼ፣ ይረጋጉ፣ ከርከሮ አይደለም!

ሲራክ፦ አንተ በምን አወቅህ?

እንድርያስ፦ ያረድኩት እኔ ነኛ!



ሲራክ፦ ምኑን?

እንድርያስ፦ በጉን።

ሲራክ፦ የምን በግ?

እንድርያስ፦ እርስዎ የወጉትን በግ። የእማማ አትጠገብ ጥቁር በግ ነበር ጋሼ። ገመዱን በጥሶ እንሰት ውስጥ ገብቶ ነው።

ሲራክ፦ [በደከመ ድምፅ] ክራንቻውስ?

እንድርያስ፦ በግ ክራንቻ የለውም ጋሼ። ባዮሎጂ ነው።

ሲራክ፦ [ተመልሶ ይቀመጣል] ለምን ያኔውኑ አልነገርከኝም?

እንድርያስ፦ እርስዎ ወደ መንደር ሲሮጡ እኔ ወደ እንሰቱ ሄድኩ። አልሞተም ነበር። ጦሩ ጎኑ ላይ ተሰክቶ ዓይኔን እያየ ያቃስታል። እርስዎ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል ብለዋል። ሥነ ምግባሩን አላውቅም፤ እኔ ግን ግማሽ ደቂቃም አልቻልኩ። ጸሎት አድርጌ በቢላዬ አሳረፍኩት። ከዚያ ተሸክሜ ወሰድኩላቸው።

ሲራክ፦ ምን ብለህ?

እንድርያስ፦ ከርከሮ ወጋው ብዬ።

ሲራክ፦ አመኑህ?

እንድርያስ፦ አለቀሱ። ለገና ያሳደጉት በግ ነበር። ከዚያ «እንኳን ሳይሞት ደረስክለት» አሉኝ። ጋሼ፣ እርስዎ እንግዳችን ነዎት፣ የእህቴ ባል ነዎት። ስምዎን ምን ብዬ ላንሳ? ለቡናው ሲከፈለኝ ቀስ ብዬ በግ ልተካላቸው ነበር።

ሲራክ፦ [ጦሩን ከኋላው ሊደብቅ ይሞክራል። ጦሩ ከጭንቅላቱ በላይ ብቅ ብሎ ይታያል] እንሂድ። ቶሎ። በቡናው በኩል።

እንድርያስ፦ አሁንማ መጡ። ሽማግሌዎቹ ዳገቱን እየወጡ ነው። እማማ አትጠገብ ከፊት ናቸው።

[ወይዘሮ አትጠገብ ይገባሉ። ስልሳዎቹን አልፈዋል። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ ከዳገቱ የተነሳ ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።]

አትጠገብ፦ እንደምን አደራችሁ? መምህር፣ ሶንጎ ያስጠሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ።

ሲራክ፦ እኔ... አዎ። ማለቴ... ለሰላምታ ያህል ነው።

አትጠገብ፦ ለሰላምታ ሰባት ሽማግሌ?

እንድርያስ፦ ጋሼ ሰላምታ ይወዳሉ።

አትጠገብ፦ የገደሉት ከርከሮ ተሰረቀባቸው ሲባል ሰምቼ እኮ ነው የመጣሁት። የኔን በግ የወጋው ይሆን ብዬ።

እንድርያስ፦ እሱ ነው እማማ! ራሱ ነው! መጀመሪያ በጉን ወጋ፣ ከዚያ ጋሼ እሱን ወጉት፣ ከዚያ ደግሞ ጅብ መጣና...

ሲራክ፦ ተው እንድርያስ።

እንድርያስ፦ ጅቡ ትልቅ ነበር...

ሲራክ፦ ተው አልኩህ። ይብቃህ። [ይነሳል። ጦሩን ዛፉ ላይ ያስደግፋል] ወይዘሮ አትጠገብ፣ በግዎን የወጋው ከርከሮ አይደለም። እኔ ነኝ። በጉም መሰለኝ ከርከሮ... ከርከሮም መሰለኝ በጉ... ብቻ ሳላጣራ ወረወርኩ። ወድቆም ቀርቤ አላየሁትም። ይባስ ብዬ ዛሬ እርስዎን ሌባ ልል ነው እዚህ የተቀመጥኩት።

አትጠገብ፦ [ነጠላቸውን እያስተካከሉ] ከርከሮ እንዳልሆነስ አውቄያለሁ።

እንድርያስ፦ አውቀዋል?

አትጠገብ፦ ከርከሮ ከታች ወደ ላይ ነው የሚዘነጥለው። የበጌ ቁስል ከላይ የገባ ነው፣ ጠባብ፣ የጦር አፍ የሚያክል። አርባ ዓመት እንሰት ስጠብቅ የኖርኩ ሴት ይሄ ይጠፋኛል? እኔ የመሰለኝ ግን አንተ ነህ።

እንድርያስ፦ እኔ?!

አትጠገብ፦ እጅህ ደም፣ ዓይንህ መሬት መሬት ያያል። «ይሄ ልጅ ተሳስቶ ወግቶብኝ፣ አፍሮ ነው የሚዋሸኝ» አልኩ። ደግነትህን ስለማውቅ ዝም አልኩህ፤ ቅድምም እንዳላጋልጥህ ነው ከርከሮ የወጋው ያስመሰልኩት። ሥጋውን የላክሁትም ልብህ እንዲያርፍ ብዬ ነው።

እንድርያስ፦ እኔ ደግሞ ሥጋው ሲመጣ «እንዴት ይህችን ሴት አታለልኩ» ብዬ ሳልቀምሰው ተነሳሁ።

አትጠገብ፦ ጾምህን አደርክ?

ሲራክ፦ እኔ በላሁለት።

አትጠገብ፦ ጥሩ ነበር?

ሲራክ፦ [አንገቱን ደፍቶ] በጣም።

አትጠገብ፦ እንኳንም በሉት። አሁን ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ይህንኑ ለእኔ እንደነገሩኝ ይንገሯቸው። ከለቀማ አስነስተዋቸው በባዶ አይመለሱም። ቢስቁብዎም ይቻሉት።

ሲራክ፦ ይገባኛል፣ እናገራለሁ። በጉንም ዛሬውኑ ዲላ ወርጄ አመጣልዎታለሁ። ከወጋሁት የሚበልጥ፣ ላት ያለው፣ ሙክት። እንድርያስ አንዲት ሳንቲም አያወጣም።

አትጠገብ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብቻ ነጭ ይሁን።

ሲራክ፦ ነጭ ነው የሚወዱት?

አትጠገብ፦ ለእኔ ጥቁርም ነጭም አንድ ነው መምህር። ለእርስዎ ብዬ ነው።