የዙምባራው ሥዕል ጉዳይ አጣሪ ኮሚቴ

ልጆቼ፣ መጽሐፍ ክቡር ነገር ነው። ወረቀቱ ወፍራም ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ክቡር ነው፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነማ ከሕግ አያንስም። ይህን ታላቅ እውነት እኛ አሶሳዎች እንዴት በተግባር እንዳስመሰከርን ለትውልድ ይተላለፍ ዘንድ ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

አምና፣ ማንጎው በሚረግፍበት ሰሞን፣ ለሰፈራችን ትምህርት ቤት ከባሕር ማዶ ሃያ የሕፃናት መጻሕፍት መጡ። እያንዳንዱ መጽሐፍ የአንድ አገር ሰዎች ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚለብሱ፣ በምን እንደሚጨፍሩ በሥዕል ያሳያል። አንደኛው ስለ እኛ ነው። መምህርት ነዕማ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ልጆቹን በቀርከሃው ክፍል ሰብስባ መጀመሪያ የእኛኑ ገለጠች። የበርታ ሰዎች ተሰልፈው ዙምባራ ሲነፉ ይታያል። ዙምባራ ቅል በቅል ላይ እየተሰካ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ በቀጭኑ ጫፍ ይነፉታል፣ በሰፊው አፉ ይጮኻል። ሠዓሊው ግን ሰዎቹን ሰፊውን አፍ አጉርሶ፣ ቀጭኑን ወደ ሰማይ አቅንቶ ሥሏቸዋል።

ዓፊያ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ፣ የዙምባራ ነፊው የሼኽ ኻሚስ የልጅ ልጅ፣ ከት ብላ ሳቀች።

«ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ዙምባራውን እየነፉት ነው ወይስ እየበሉት?»

ነዕማ የዋህ ናትና ልጅቷ ያለችውን ጽፋ ለአሳታሚዎቹ ላከች። ግልባጩን ደግሞ ለባህል ጽሕፈት ቤታችን። ጥፋቷ ግልባጩ ነው።

ኃላፊያችን አቶ እዩኤል ደብዳቤውን ሲያነቡ ላብ አጠመቃቸው። «በታተመ ነገር ላይ ልጅ ትስቃለች?» አሉ። ወዲያው ሃያዎቹም መጻሕፍት ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ቁም ሣጥን ገብተው ተቆለፈባቸው፤ አጣሪ ኮሚቴም ተቋቋመ። እኔ የሽማግሌዎች ወኪል ሆኜ ገባሁ። ብስኩት ነበረው፣ አልዋሻችሁም።

ነዕማ በየቀኑ ትመላለሳለች። «ጋሼ፣ አሥራ ዘጠኙን እንኳ ስጡኝ። ልጆቹ ሌላ የሚያነቡት የላቸውም።»

«እህቴ፣ ባህል በችኮላ አይነበብም» ይሏታል አቶ እዩኤል።

ኮሚቴያችን ሚዛናዊ ነውና ሼኽ ኻሚስን ጠርቶ ጠየቀ።

«ሼኽ፣ ዙምባራ ስንት ዓመት ነፉ?»

«አርባ።»

«በየት በኩል?»

«በቀጭኑ ነዋ! ሌላ በየት አለ?»

«በሰፊው በኩል ሞክረው ያውቃሉ?»

«ወላሂ አላውቅም።»

አቶ እዩኤል ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ይመዝገብ፤ በጉዳዩ ላይ ልምድ የላቸውም።»

«ያ ጀማዓ» አሉ ሼኹ፣ «ልጅቷ ልክ ነው። እኔ አሁን አመጣለሁ፣ እነፋለሁ፣ ትሰማላችሁ፣ ኻላስ!»

«የሚሰማ ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ ፋይል ውስጥ አይገባም።»

በዚህ መሐል አሳታሚዎቹ ሐሙስ ራሳቸው እንደሚመጡ ተሰማ። አቶ እዩኤል አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። «እንግዶቹ መጽሐፋቸው ሐሰት ሆኖ ካገኙት ያፍራሉ። ካፈሩ መጻሕፍቱን ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ ነፊዎቻችን በመጽሐፉ መሠረት ይንፉ» አሉ። እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው ብዬ እኔም እጄን አወጣሁ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሼኽ ኻሚስ ሲነገራቸው «እንዲህ ከነፋን መጽሐፉ ለልጆቹ ይከፈታል?» አሉ።

«በማግሥቱ!»

«እንግዲያው እንኳን ዙምባራ፣ ግድግዳም ብትሉኝ እነፋለሁ።»

ሐሙስ ደረሰ። አሥራ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ተሰልፈው የቅሉን ሰፊ አፍ ጎረሱ። ጉንጫቸው ተወጠረ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ድምፅ ግን የለም። አንዱን ብቻ መሐል ላይ አስነጠሳቸው፤ እሱስ አምሮ ተሰማ። ካሜራው ተንጫጫ። ዓፊያ ግን አያቷን ላለማየት አንገቷን ደፍታ ነበር።

ከእንግዶቹ አንዷ ተነሥታ በአስተርጓሚ ተናገረች። «እኛ የመጣነው ይቅርታ ልንጠይቅ ነበር። የመምህርቷ ደብዳቤ ሲደርሰን ሥዕሉ ተሳስቷል ብለን፣ የሚያርም ሠዓሊ ይዘን ነበር የመጣነው። አሁን ግን በዓይናችን አየን፤ መጽሐፉ ትክክል ነው። እንዲያውም በሚቀጥለው እትም ‹ዙምባራ ድምፅ የሌለው መሣሪያ ነው› ብለን እንጨምርበታለን።»

ሼኽ ኻሚስ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። አቶ እዩኤል ኪሳቸው ውስጥ ያለውን የቁም ሣጥን ቁልፍ ቀስ ብለው አንቃጨሉ። ሼኹ አፋቸውን መልሰው ገጠሙ። እኛም አጨበጨብን።

ጽሕፈት ቤታችን ቃሉን አያጥፍምና ዓርብ ቁም ሣጥኑ ተከፈተ። የድካማችንን ፍሬ ላይ ብዬ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ ድረስ አቀርቅረዋል። ዓፊያ ስሙ ለአፍ የሚያስቸግር የሩቅ አገር መጽሐፍ ይዛለች። ሥዕሉ ላይ ሽማግሌዎች በሠርግ ቀን በአንድ እግራቸው ቆመው ገንፎ ይበላሉ።

በዚህኛው ግን አልሳቀችም። ብዙ ከተመለከተች በኋላ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ለማን ልጅ መጽሐፍ ሊያስከፍቱ ነው እንዲህ የቆሙት?»