መቀነት ውስጥ የሚጮህ ስልክ

ኸረ ቆዩኝማ፣ ሳቄ ይውጣልኝ! ገና ስጀምረው እንዲህ ከሆንኩ ዋናው ቦታ ስደርስ ምን ልሆን ነው? ዋናው ከፊታችን ነው፤ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ እሷንም እያለቀስኩ። ቢሆንም አንዳንድ ዕቃ ሠሪ በገዛ ዕቃው ተጠቅሞ እንደማያውቅ ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም። ባለፈው የውዱእ ማንቆርቆሪያ ገዛሁ። መልኩ ሙሽራ! ማፍሰሻው ግን ከአናቱ በጣም ዝቅ ብሎ የተተከለ ነውና ግማሽ ሳይሞላ ውሃው በዚያ ይወርዳል፤ እኔ ሳልታጠብ ወለሉ ይታጠባል። የኤሌክትሪክ ምድጃዬስ? ገመዱ ስንዝር ተኩል። ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ልቀቅልበት? እናንተም ቤት እንዲህ ያለ አይጠፋም፤ አትደብቁኝ።

ሁሉንም ያስናቀው ግን የእናቴ ስልክ ነው።

አባቴ ካለፈ ወዲህ እማ አምባሰል፣ ዳገቱ ላይ ብቻዋን ናት። እኔ ሐይቅ ከተማ ዓሣ እየጠበስኩ እሸጣለሁ። «እኔ ዘንድ ነይ» ስላት «ላሚቱን ለማን ትቼ?» ትላለች። ወድቃ ብትቀርስ ብለን ስንጨነቅ፣ ደሴ ያለው ወንድሜ ሰይድ የሽማግሌ ስልክ የሚሉትን ገዛላት። ቁጥሩ ትልልቅ ነው፤ መደወያው አረንጓዴ ነው፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ቀይ ቁልፍ አለ። የጨነቀው ሰው ያቺን ጫን ሲል ስልኩ እሪ ብሎ ይጮሃል፤ እየጮኸም ለልጆቹ ይደውላል። ጥሩ ሐሳብ አይደል? ጥሩ ነው። የሠራው ሰው የረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእኛ አገር እናት ስልኳን የምታስቀምጠው መቀነቷ ውስጥ ነው።

በማግሥቱ ዓሣ ላደርስላት ዳገቱን እየወጣሁ ስልኬ ጮኸ። አነሳሁት፤ እሪታ ብቻ! «እማ! እማ!» ብል የሚመልስ የለም። ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። በሩን ገፋ ባደርግ እማ በግንባሯ መሬት ላይ ተደፍታለች፣ ከሆዷ ሥር ያ ነገር ይጮሃል። እኔም ለቀቅኩት፤ አገር ይያዝልኝ የሚያሰኝ እሪታ።

ጎረቤቷ አያ ደምሴ ዱላውን ይዞ ደረሰ። ሚስቱማ ነጠላዋን በለቅሶ ደንብ አዘቅዝቃ ነው የመጣችው፤ መቼ እንዳዘቀዘቀችው እንጃ። ግቢው ሞላ። ይሄኔ እማ ከሱጁዷ ቀና አለች። ሶላት ላይ ነበረች! ጎንበስ ስትል መቀነቱ ቁልፏን ይጫናል፤ ሶላት ደግሞ ለስልክ አይቋረጥ። ረጋ ብላ ወደ ቀኝ አሰላመተች፣ ወደ ግራ አሰላመተች፣ ሕዝቡን አየችና፣

«ማን ሞተ?» አለች።

«አይ እትዬ ዘሀራ፣ አንቱ ሞቱ ተብለን ነው የመጣነው!» አላት አያ ደምሴ።

ሰይድም መኪና ኮንትራት ይዞ ከደሴ ደረሰ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ያን ቀን ለቅሶ የመጣው ሁሉ ሳቅ ላይ ዋለ። ዓሣውን ተቃመስን፤ እማ ዒድ የገባላት መስላ እያንዳንዳችንን ስትመርቅ አመሸች። ሰይድ ሊሄድ ሲል ቁልፏን በፕላስተር ጥርቅም አድርጎ ሸፈናት።

ከዚያ ሰላም ሆነ። በየቀኑ እንደዋወላለን፤ «ደህና ነሽ?» «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና።» አንዱ ሳምንት ሌላውን ወለደ፤ የእኔ ዓሣ ገበያ፣ የሰይድ ሥራ፣ ታውቁት የለ።

አንድ ቀን እሪታው መጣ። ፕላስተሩ እያለ በስህተት አይጮህም፤ እንግዲህ እውነት ነው አልኩ። ዓሣውን ከነመጥበሻው ጥዬ ዳገቱን ወጣሁ፣ ከደሴ የበረረው ሰይድም ከኋላዬ። ደርሰን ብናይ እማ ደጃፏ ላይ ሰሌን አንጥፋ ተቀምጣለች። ከጎኗ ድስት ሙሉ ወጥ፣ አፉ ተከድኗል። ፕላስተሩ ሳይቀደድ ተልጦ የበሩ መቃን ላይ ተለጥፏል።

እኔም ጮህኩባት። «እማ! ነገ የእውነት ስትጮሂ 'ልማዷ ነው' ብለን ብንቀርስ?»

ድስቱን ከፈት አድርጋ ወጡን አማሰለችና እንዲህ አለች፦

«ምን ላርግ ልጄ? በአረንጓዴው ስደውል ድምፃችሁ ይመጣል፤ በቀዩ ስደውል እናንተው ትመጣላችሁ።»